እማዬ የገባችበት ሪሃብ፦ ኮከቡ፣ ደወሉና የ21ኛው ቀን ሂሳብ

ጉዳዩ የእናቴ ነው፣ ከሆስፒታል ወጥታ እስክትራመድ ስለተኛችበት ሪሃብ፣ ማለትም የማገገሚያ ቦታ። 76 ዓመቷ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ዲሲ ውስጥ የሆቴል ክፍል እያጸዳች 14 ዓመት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ስለዚህ ሜዲኬርን፣ የአረጋውያንን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ያገኘችው በራሷ ላብ ነው፤ ሆስፒታልና ሪሃብ ለሚሸፍነው ክፍል፣ ለፓርት ኤ፣ በየወሩ የምትከፍለው ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለው ሂሳብ ሁሉ እዚህ ላይ ስለተመሠረተ ነው። እዚህ አገር 10 ዓመት ያልሠሩ፣ ልጆቻቸው ያመጧቸው ወላጆች ጉዳይ ይለያል። እነሱ ግሪን ካርድ ይዘው 5 ዓመት ሳያቋርጡ መኖር አለባቸው፣ ከዚያም በኋላ ፓርት ኤን የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ እየከፈሉ ነው።

ረቡዕ ፌብሩዋሪ 5፣ 2025 ማታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንሸራቷት ወደቀች። ኢመርጀንሲ ወሰድናት። ኤክስሬይ ተነሣች፣ ምንም ስብራት አይታይም ተባለ። እሷ ግን እግሯን ማንሳት አቃታት። እዚያው አደረች። በማግስቱ ኤምአርአይ ስትነሣ የዳሌዋ አጥንት መሰንጠቁ ታየ። ዓርብ ቀዶ ጥገና ተደረገላት።

ያቺን የረቡዕ ሌሊት ልብ በሉልኝ። ሜዲኬር ለሪሃብ የሚከፍለው በሽተኛው ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን "ኢንፔሸንት" (አድሚት ተደርጎ፣ በይፋ ተኝቶ የሚታከም) ሆኖ ከተኛ ነው፣ የሚወጣበት ቀን ደግሞ አይቆጠርም። እማዬ ረቡዕ ያደረችው "ኦብዘርቬሽን" (ለክትትል ብቻ) ተብላ ነው። አልጋው ያው ነው፣ ነርሷም ያቺው ናት፣ ወረቀቱ ላይ ግን ያ ሌሊት አይቆጠርም። እኔ ይህን የማውቀው ነገር አልነበረም። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ናት ሐሙስ ጠዋት ደውላ "አድሚት ሆናለች ወይስ ኦብዘርቬሽን ናት? አሁኑኑ ጠይቂ" ያለችኝ። ጠየቅሁ። ከሐሙስ ጀምሮ አድሚት ሆናለች አሉኝ። ሰኞ ስትወጣ 4 ቀን ሞላላት። አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ ኦብዘርቬሽን ተብሎ ተኝቶ ቢወጣ ሪሃቡን ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ከ24 ሰዓት በላይ በዚያ ሁኔታ ካቆዩት ሆስፒታሉ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ ግን ወረቀቱ ከብዙ ወረቀት ጋር ተደርቦ ስለሚመጣ ዝም ብሎ ይፈረማል።

ቅዳሜ ጠዋት የእማዬን መውጫ የምታመቻቸው የሆስፒታሉ ኬዝ ማናጀር መጣች። ሪሃብ የሚሰጡ የ14 ነርሲንግ ሆሞች ስም ያለበት ዝርዝር ሰጠችኝ። "እስከ ነገ ሦስት ምረጪ" አለችኝና ሄደች።

ቤተሰቡ ውስጥ ወሬው የገባው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ "ነርሲንግ ሆም" የሚለውን ቃል ስትሰማ መጀመሪያ የመጣላት መቄዶንያ ነው። ሰው የሌለው፣ ጎዳና የወደቀ አረጋዊ የሚነሣበት ቦታ ማለት ነው። "እማዬን? እኛ እያለን?" ብላ ስልኩ ላይ አለቀሰች። አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድሜም አልተስማማም፣ ቤት አምጥተን ተራ በተራ እናስታማት አለ። እኔም ልቤ እንደነሱ ነበር። ግን ዳሌዋ በብረት ተይዞ፣ ለመነሣት ሁለት ሰው እያስፈለጋት፣ ቤታችን ደግሞ 13 ደረጃ እያለው በምን እጃችን? ይህ ለዘለቄታው መግባት እንዳልሆነ፣ በየቀኑ ፊዚዮቴራፒ እየሠራች እስክትራመድ ብቻ እንደሆነ ለእህቴ ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። በአማርኛ ለሁለቱም ያለን ስም አንድ ነው፣ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። በአሜሪካ አንዱ ሕንፃ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ለሳምንታት አገግሞ የሚወጣው አለ፣ ኑሮው እዚያው የሆነውም አለ። ሜዲኬር የሚከፍለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ማታ የሜዲኬርን "ኬር ኮምፔር" ድረ ገጽ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከ2008 ጀምሮ መንግሥት ለእያንዳንዱ ነርሲንግ ሆም ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። መጀመሪያ ዐይኔ የገባው ባለ 5 ኮከቡ ነው። ከእኛ 10 ደቂቃ ነው፣ ፎቶው ላይ ፒያኖ አለ። ሁለተኛው 4 ኮከብ ነው፣ ያረጀ ሕንፃ ነው፣ 25 ደቂቃ ይርቃል።

ግን ኮከቡ ከሦስት ነገር ነው የሚሰላው። ከክልሉ ተቆጣጣሪዎች ፍተሻ፣ ከሠራተኛ ብዛት፣ እና የጥራት መለኪያ ከሚሉት። መነሻው ፍተሻው ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ኮከብ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ባለ 5ቱን ሰነጣጥቄ ሳየው ፍተሻው 4፣ የጥራት መለኪያው 5፣ ሠራተኛው 2 ሆኖ አገኘሁት። ይህ የጥራት መለኪያ ደግሞ በከፊል ቤቱ ራሱ ስለ በሽተኞቹ ሞልቶ ከሚልከው መረጃ ነው የሚወጣው። የሠራተኛው ቁጥር ግን ከደመወዝ መዝገብ ነው የሚመጣው፣ እንደፈለጉ የሚሞሉት አይደለም። ባለ 4ቱ ፍተሻው 3 ነው፣ የጥራት መለኪያው 4፣ ሠራተኛው ግን 5። ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ሰዓቱም ይታያል። አንደኛው ቤት ለአንድ በሽተኛ በቀን 3.2 የነርስና የረዳት ሰዓት አለው፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ 2.7 ይወርዳል። ሁለተኛው 4.3 ነው፣ በሳምንቱ መጨረሻ 3.8።

ይህ ቁጥር ደረቅ ይመስላል። ግን በ2001 ለሜዲኬር የተሠራ ትልቅ ጥናት በቀን ከ4.1 ሰዓት በታች ሲሆን በሽተኛው መጎዳት እንደሚጀምር አሳይቷል። በ2024 መንግሥት 3.48 ሰዓትን ዝቅተኛው ወለል አድርጎ ደንግጎ ነበር፣ በ2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ የሚጠብቅላችሁ የለም፣ ሰዓቱን ራሳችሁ ማየት አለባችሁ። እኔ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ጠቅላላ ኮከቡን እንኳ አልጠይቅም። የቅዳሜና እሑድን ሰዓት ስንት ነው እላለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱንም በአካል ሄጄ አየሁ። ቀጠሮ አልያዝኩም። ቀጠሮ ካስያዛችሁ የሚያዞራችሁ ማርኬቲንግ ላይ ያለ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ እሑድ አይገባም።

ባለ 5ቱ ቤት ሲገቡ ያምራል፣ አበባ አለ፣ ፒያኖውም አለ። ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ በአንዱ በር አናት መብራት በርቷል፣ ደወል የነካ ሰው አለ ማለት ነው። ሰዓቴን አየሁ። 22 ደቂቃ ቆየ። በሩ ክፍት ስለነበር ገባ ብዬ አየሁ፤ አንድ አዛውንት ናቸው፣ የውሃው ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ጠረጴዛው ግን እጃቸው ከማይደርስበት ግድግዳው ጋ ተገፍቷል። ውሃውን አቀበልኳቸው። ቆይታ አንዲት ረዳት ነርስ እየሮጠች መጣች። ስታየኝ በአማርኛ "ሐበሻ ነሽ?" አለችኝ። በዚህ አካባቢ ነርሲንግ ሆሞች ውስጥ የሚሠራ የእኛ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ ሆኖ። ለእናቴ ቦታ እየፈለግሁ እንደሆነ ነገርኳት። ወዲያና ወዲህ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ ዛሬ 18 ሰው ይዣለሁ። ብቻዬን ነኝ። ትላንትም ደብል ሠርቻለሁ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። ዐይኗ ቀልቶ ነበር። ያቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም፣ 18 ሰው መገልበጥ፣ ማጠብ፣ ማብላት የሚችል ሰው የለም።

ሁለተኛው ቤት መግቢያው ደብዛዛ ነው፣ ምንጣፉ አርጅቷል። ደወሉ በ6 ደቂቃ ተመለሰ። ረዳቷን ስንት ሰው እንደያዘች ጠየቅኋት፣ 9 አለችኝ። ከመግቢያው አጠገብ በሰንሰለት የታሰረ ማህደር ነበር፣ የመጨረሻው ፍተሻ ሪፖርት ነው። እንዲህ ሰው በሚያየው ቦታ ማስቀመጥ ግዴታቸው ነው። ቆሜ አነበብኩት። እያንዳንዱ ጥፋት ከኤ እስከ ኤል ፊደል ይሰጠዋል፣ ወደ ኤል በሄደ ቁጥር ይከብዳል። ከጂ ጀምሮ ሰው በእርግጥ ተጎድቷል ወይም ለከባድ ጉዳት ተጋልጧል ማለት ነው። የዚህ ቤት ጥፋቶች አብዛኞቹ ዲ ነበሩ፤ የማቀዝቀዣ ሙቀት አለመመዝገብ፣ ቀን ያልተጻፈበት ምግብ። አንዱ ግን የሕመም ክትትል በአግባቡ አልተመዘገበም የሚል ነበር። አነበብኩት፣ አለፍኩት። ከዚህ ሁሉ ነገር የሚቆጨኝ እሱን መስመር ማለፌ ነው።

ሁለተኛውን መረጥን።

ሰኞ ፌብሩዋሪ 10 ገባች። የጾመ ነነዌ የመጀመሪያ ቀን ነበር። የቅበላ ክፍሏ ሠራተኛ ወደ 60 ገጽ የሚሆን ወረቀት ዘረጋችልኝ። አንዱ ገጽ ላይ "ኃላፊነት የሚወስድ ሰው" የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ፈርሚ ተባልኩ። በፌዴራል ሕግ ነርሲንግ ሆም ቤተሰብ ከራሱ ኪስ ዋስ እንዲሆን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አይችልም። እኔ የፈረምኩት "በእናቴ ስም፣ እንደ ወኪሏ" ብዬ በእጄ ጽፌ ነው። ሌላው ገጽ ፍርድ ቤት ላለመሄድ፣ ክርክር ቢመጣ በግልግል ለመጨረስ የሚያስማማ ነው። እሱም በግዴታ አይደለም። ፊርማ አላኖርኩበትም። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፣ ገጹን ገልብጣ ቀጠለች። እኔ የወሰደብኝ 10 ደቂቃ ነው፣ የቤተሰብን መኖሪያ ቤት ሊያስወስድ የሚችል መስመር ግን በዚያች 10 ደቂቃ ነው የሚታለፈው።

ዋጋውን እዚያው ጠየቅሁ። ለሁለት በሚሆን ክፍል ከኪስ የሚከፍል ሰው በቀን 425 ዶላር ነው አሉኝ፣ በወር 12,750። አካባቢያችን ውድ ነው። እንደ አገር የእንክብካቤ ዋጋ የሚያጠናው ኬርስካውት የተባለ ድርጅት በ2024 ያወጣው መካከለኛ ዋጋ ለሁለት በሚሆን ክፍል በቀን 305፣ ለብቻ 350 ዶላር ነው። በሜዲኬር በኩል ግን የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት በነፃ ናቸው። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን በሽተኛው በቀን ይከፍላል፣ በ2025 ያ ክፍያ 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ከ100 ቀን በኋላ ሁሉም በራስ ነው። ሰው "ሜዲኬር 100 ቀን ይሸፍናል" ሲል እሰማለሁ። 100 ቀን የሚባለው ጣሪያው ነው። ቃል የተገባ ነገር አይደለም። በየቀኑ የሙያ እንክብካቤ ያስፈልጋታል ተብሎ እስከታመነ ድረስ ብቻ ነው።

እማዬ ተጨማሪ ኢንሹራንስ የላትም። ገቢዋ ዝቅ ያለ ሰው ሜዲኬር ላይ የሚደርስበትን ድርሻ ክልሉ የሚከፍልበት ፕሮግራም አለ፣ ኪውኤምቢ ይባላል። በ2025 ገደቡ ለአንድ ሰው በወር 1,325 ዶላር ነበር። የእማዬ ጡረታ 1,480 ነው። በ155 ዶላር አመለጠን። እናንተ ግን ሳታጣሩ እንዳትቀሩ፣ ለገባ ሰው ያ 209 ዶላር የለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ንጹሕ ናት፣ በሰዓቱ ይገለብጧታል፣ ረዳቶቹ "ማማ" ይሏታል። በየቀኑ ጠያቂ አለ። የማኅበሯ ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጣሉ፣ የጸበል ጠርሙስ አልጋዋ ሥር አለ። እውነቱን ለመናገር ጠያቂ ያለው ሰው ይበልጥ ይታያል። ነርሶቹም አንድ ቀን "የማን እናት ናቸው? ትልቅ ሰው ናቸው እንዴ?" ብለው ጠይቀውኛል።

ግን አትራመድም። በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋዋ እስከ በሩ ነው የምትደርሰው፣ 4 ሜትር ቢሆን ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ "ፍላጎት የላቸውም" አለኝ። እማዬ ፍላጎት የላትም? 14 ዓመት በቀን 16 ክፍል ያጸዳች ሴት?

በዚህ ላይ ፌብሩዋሪ 24 ሁዳዴ ገባ። በ15ኛው ቀኗ ማለት ነው። ጠዋት የሚመጣውን እንቁላልና ወተት ትመልሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ያለ ሥጋ የሚመጣው ሰላጣ ነው። ሽሮና ምስር ከቤት እንወስድ ጀመር፣ ዕቃው ላይ ስምና ቀን መጻፍ አለበት፣ ሦስት ቀን ካለፈው ይደፋል። ማርች 3 ስትመዘን 54 ኪሎ የገባችው 51.6 ሆናለች። መዝገቡ ላይ "ምግብ እምቢ አሉ" ይላል። እምቢ አላለችም፣ እየጾመች ነው፣ ግን ማንም በቋንቋዋ አልጠየቃትም። የነፍስ አባቷን ደወልኩላቸው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጆሮዋ ጋ ያዝኩት። "ልጄ፣ ለታመመ ጾም የለበትም። የታዘዘልሽን ብዪ፣ ሲሻልሽ ትጾሚያለሽ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" አሏት። ዐይኗን ጨፍና ሰማቻቸው። በማግስቱ እንቁላሉን በላች። የምግብ ባለሙያዋ ደግሞ የፕሮቲን መጠጥ ከወተት ወደ አኩሪ አተር ቀየረችልን፣ ያን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ ነው የወሰደባት።

ረቡዕ ማርች 5፣ በ24ኛው ቀን፣ ሶሻል ወርከሯ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የሜዲኬር ሽፋን ዓርብ ማርች 7 ያበቃል ይላል። ምክንያቱ መሻሻል አቁማለች የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ብትቆይ በቀን 425 ከኪሳችን ነው። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት፣ ተሰጥቶናል፣ እሱ ላይ ጥፋት የለባቸውም።

የእናቴን መዝገብ ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። የፊዚዮቴራፒውን ማስታወሻ አተሙልኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በየቀኑ፣ ከፌብሩዋሪ 11 ጀምሮ፣ አንድ መስመር ይደጋገማል፦ ሕመም፣ ከ10 ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

ገባኝ። ከአልጋዋ አጠገብ ሆኜ በእንግሊዝኛ "ሃው አር ዩ ማማ፣ ኤኒ ፔይን?" ሲሏት ሰምቻለሁ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ያገሬ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ "እንዴት አደርክ" ሲባል ምን ይላል? ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ያመሰግናል። ነርሷ እጅና ፈገግታ አየች፣ ዜሮ ጻፈች። ሕመም የሌለበት ሰው ደግሞ ካልተራመደ ፍላጎት የለውም ይባላል። ፍላጎት የሌለው መሻሻል አቁሟል ይባላል። መሻሻል ያቆመ ይቋረጥበታል። ፍተሻው ሪፖርት ላይ አንብቤ ያለፍኩት መስመር እናቴ አልጋ ላይ ደርሶ ወደ ቢል ተቀየረ።

እኔም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። በየቀኑ እየመጣሁ "እንዴት ነሽ እማዬ" ስላት "ደህና ነኝ" ትለኛለች፣ አምናታለሁ።

የዕለቱን ቻርጅ ነርስ (የፈረቃውን ኃላፊ ነርስ) ጠርቼ በአስተርጓሚ ይጠየቁልኝ አልኩ። "አንቺ አስተርጉሚ" አለችኝ። አይሆንም አልኩ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቤት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ልጅ ፊት ደግሞ እናት ሕመሟን አትናገርም። የስልክ አስተርጓሚ መስመር እንዳላቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ የአማርኛም አለው። ያው ቦርድ ላይ የኦምቡድስማን ቁጥርም አለ፣ በየክልሉ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን ቅሬታ በነፃ የሚከታተል ቢሮ ነው። ለኦምቡድስማኑ ልደውል ነው ስል የአስተርጓሚው መስመር በ5 ደቂቃ ተከፈተ። እኔ ኮሪደር ወጣሁ።

አስተርጓሚው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፣ በሩ ገርበብ ስላለ ድምፃቸው ይሰማኛል። ከዜሮ እስከ አሥር ብለው ሲጀምሩ እማዬ "ሕመም በቁጥር ይነገራል እንዴ?" አለች። ሰውየው ቁጥሩን ተዉትና "እማማ፣ ሲነሡ ይወጋዎታል? ሌሊት እንቅልፍ ይነሣዎታል?" አሏት። ትንሽ ዝም አለች። "ሲያነሡኝ እንደ እሳት ነው። ሌሊት አልተኛም። ልጄ እንዳትሰማ ነው፣ ሥራ ውላ ነው የምትመጣው" አለች።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት።

በዚያው ቀን ሐኪሙ ታይለኖል (ፓራሲታሞል) በሰዓቱ እንዲሰጣትና በተለይ ከፊዚዮቴራፒ ግማሽ ሰዓት በፊት እንድትወስድ አዘዘ። ታይለኖል ብቻ ነው፣ ሌላ ተአምር የለም። እኔ ደግሞ አንድ ካርቶን ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ 0 ምንም የለም፣ 3 ሲነሡ ይወጋል፣ 6 እንቅልፍ ይነሣል፣ 9 ያስለቅሳል። አልጋዋ ራስጌ ላይ ለጠፍኩት።

ይግባኙ ሰዓት አለው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሽፋኑ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባለው ቀን እስከ እኩለ ቀን መደወል ያስፈልጋል። ሐሙስ 9 ሰዓት ተኩል ጠዋት፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ደወልኩ። የሚወስነው ነርሲንግ ሆሙ አይደለም፣ ከሜዲኬር ጋር ውል ያለው ገለልተኛ ገምጋሚ ነው። መደወሉ ምንም አያስከፍልም። የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ቢሮ ሦስት መስመር ደብዳቤ ፋክስ አደረገልን፤ ሕመሟ ሳይታከም ስለቆየ ተሐድሶዋ እንደዘገየ፣ አሁን እንደምትቀጥል ይላል። እኔም ስልኩ ላይ የዜሮውን ነገር አስረዳሁ። አንድ ሌላ ነገርም አነሣሁ። በ2013 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ሜዲኬር ሰው ስላልተሻሻለ ብቻ ሽፋን መከልከል አይችልም፣ ያለበትን ለማቆየት ወይም እንዳይብስ የባለሙያ እጅ ካስፈለገ ይሸፈናል። የእማዬ ጉዳይ ሁለቱም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ተደወለልኝ። ሽፋኑ ይቀጥላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልጨርሰው። ማርች 11 ላይ በዎከር 20 ሜትር ሄደች። በሳምንቱ መጨረሻ 45 ሜትር ሆነ፣ ደረጃም 4 ወጣች። ያ "ፍላጎት የላቸውም" ያለው ፊዚዮቴራፒስት ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ዜሮ ሲጻፍለት ዜሮ ነው ያነበበው። ማርች 18 ማክሰኞ ወደ ቤት መጣች። ወንድሜ ከታችኛው ፎቅ መኝታ አዘጋጅቶ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት ገጥሞ ጠበቀን።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። እስከ 20ኛው ቀን ዜሮ። ከ21ኛው እስከ 36ኛው 16 ቀን ነው፣ በ209.50 ሲባዛ 3,352 ዶላር። ለቀዶ ሐኪሙ ቀጠሮ ዊልቸር የሚጭን ቫን 165 ዶላር ከፍለናል፣ እሱን ሜዲኬር አይሸፍንም። ልብሷን ቤት እናጥብ ስለነበር የላውንድሪ የለም። በድምሩ 3,517። ይግባኝ ባንል ኖሮ ከማርች 8 ጀምሮ ያሉት 10 ቀናት በ425 ሂሳብ 4,250 ይሆኑ ነበር፣ በ2,095 ፈንታ። ያቺ የስልክ ጥሪ 2,155 ዶላር አድናልናለች። ወይም ደግሞ ገንዘቡን ፈርተን ገና 4 ሜትር የምትሄድ እናታችንን ደረጃ ወዳለው ቤት እናመጣት ነበር፣ እኔ ይበልጥ የማስበው እሱን ነው።

ኤፕሪል ውስጥ ቢል ሲመጣ 17 ቀን ይላል። የወጣችበትን ቀን ጨምረው ነው። የሚወጣበት ቀን አይቆጠርም። ደወልኩ፣ አንድ ጊዜ አስጠበቁኝ፣ አረሙት።

ወንድሜ በመሀል አንድ ሐሳብ አምጥቶ ነበር። ምናልባት ለረጅም ጊዜ ብትቆይ ብሎ ስለፈራ፣ እማዬ በስሟ ያላትን ጥቂት ቁጠባ ወደ እሱ እናዙረው አለ። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሰው የሚከፍልለት ሜዲኬድ፣ ገቢና ንብረቱ ዝቅ ላለ ሰው የሚሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለመግባት ብቸኛ ሰው በእጁ ከ2,500 ዶላር በላይ ሊኖረው አይችልም። ግን የ60 ወር ዝውውር ወደ ኋላ ይመረመራል፣ በስጦታ ያለፈ ገንዘብ ከተገኘ ለተወሰነ ጊዜ ሽፋን ይከለከላል። አልነካነውም። ይህን የሚያስብ ሰው ከወንድሙ ጋር ሳይሆን በአረጋውያን ጉዳይ ሕግ ላይ ከሚሠራ ጠበቃ ጋር ይነጋገር።

ቤቱን ደግሜ እመርጠው ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ያንኑ ቤት ነው የምመርጠው። በቂ እጅ ስለነበራቸው ነው ስህተቱን ሲያውቁ በአንድ ቀን ማረም የቻሉት። 18 ሰው የያዘች ልጅ መድኃኒቱን ከፊዚዮቴራፒ ግማሽ ሰዓት በፊት አድርሳ ልትሰጥ አትችልም። ግን ካርቶኑን የምለጥፈው የገባች ቀን ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ ማውጣት አለባቸው፣ እዚያ ዕቅድ ላይ አስተርጓሚ፣ የጾም ቀናትና ሕመሟን የምትናገርበት መንገድ እንዲጻፍ እጠይቅ ነበር።

ካርቶኑ አሁን ፍሪጁ ላይ ነው። ፋሲካ ኤፕሪል 20 ዋለ፣ ዎከሯን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጣች። ሰኞ ጠዋት ቡና ላፈላ ስነሣ ከክፍሏ ወጥታ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ "ዛሬ ሦስት ነው" አለችኝ።